ሴንሰሩን ከመቀየራችሁ በፊት፦ የቤንዚንና የአየር ሚዛን ሲዛባ እንዴት ይታወቃል?

ጋሼ እያልኩ የምጠራቸው አንድ ጡረተኛ መምህር አሮጌ ኮሮላቸውን ይዘው ጎንደር አዘዞ ያለው ጋራዣችን የመጡት የጠዋቱ ብርድ ገና ሳይለቅ ነበር። ግቢው ውስጥ ሲያቆሟት ሞተሩ አንዴ ከፍ አንዴ ዝቅ ይላል፤ ሚኒሞ፣ ማለትም ነዳጅ ሳይሰጡት የሚዞርበትን ዝቅተኛ ዙር፣ መያዝ አቅቶታል። «ልጄ፣ ይቺን ኦክስጅን ሴንሰር የሚሏትን ሁለት ጊዜ ቀየርኩላት። መብራቱ ግን ይኸው» ብለው ዳሽቦርዱ ላይ የበራችውን ቢጫ የሞተር ምልክት አሳዩኝ። መጀመሪያ የገዙት ያገለገለ ነበር። እሱ አልሠራ ሲል «ያገለገለ ስለሆነ ነው» ተባሉና አዲስ ገዙ። አሮጌዎቹን ሁለቱን በፌስታል ጠቅልለው መቀመጫው ስር አስቀምጠዋቸዋል።

እንዲህ ዓይነት ታሪክ በወር ሁለት ሦስቴ እሰማለሁ። አንዱ ጋራዥ መኪናዋን ኮምፒውተር ላይ ሰክቶ ፒ0171 የሚል ኮድ አገኘ። ኮዱ የሚለው ሞተሩ ውስጥ የሚገባው ድብልቅ አየር በዝቶበታል፣ ወይም ቤንዚን አንሶታል ነው። ወሬው የመጣው ከተቃጠለው ጋዝ የተረፈውን ኦክስጅን በሚለካው በኦክስጅን ሴንሰሩ በኩል ስለሆነ ሴንሰሩ ተቀየረ። ዘበኛው «ሌባ ገባ!» ብሎ ሲጮኽ ዘበኛውን አባርሮ ሌላ እንደ መቅጠር ነው። አዲሱም ዘበኛ ያንኑ ሌባ አይቶ ይጮኻል።

ኮድ የዕቃ ስም አይደለም። ይህን አንድ ነገር የያዘ ባለ መኪና ብዙ ገንዘብ ያተርፋል።

ከመሠረቱ እንጀምር። አንድ ኪሎ ቤንዚን ሙሉ በሙሉ እንዲነድ 14.7 ኪሎ ገደማ አየር ይፈልጋል። በክብደት ሲነገር ትንሽ ይመስላል፤ በመጠን ሲሰላ ግን ይገርማል። አንዲት ሊትር ቤንዚን ለማቃጠል ጅቡቲ ወደብ ላይ 9,500 ሊትር ያህል አየር ሲበቃ፣ እዚህ ጎንደር ከ11,000 ሊትር በላይ ያስፈልጋል። ከባሕር ወለል በ2,100 ሜትር አካባቢ ላይ ስለምንኖር አየራችን ስስ ነው። ሞተሩ በእያንዳንዱ ዙር የሚስበው የአየር መጠን ያው ነው፤ ውስጡ ያለው ኦክስጅን ግን ያንሳል። መኪናዎቻችን ዳገት ላይ የሚያቃስቱት አንዱ በዚህ ነው፤ ምንም ያልተበላሸባትም መኪና ቢሆን።

ቤንዚኑ ከልኩ ሲበዛ መካኒኮች «ሪች» ይሉታል፣ አየሩ ሲበዛ ደግሞ «ሊን»። በጋዝ ምድጃ ያበሰለ ሰው የመጀመሪያውን ያውቀዋል፦ አየር ሲያጥረው እሳቱ ቢጫ ይሆንና የድስቱን ቂጥ ጥላሸት ያለብሰዋል። ሞተር ውስጥም ጥላሸቱ እሳት የሚጭረው ካንዴላ ላይ ይቀመጣል፣ የቀረው በማርሚታ ጥቁር ጭስ ሆኖ ይወጣል። ከዚህም የሚብሰው ሳይነድ የቀረው ቤንዚን ነው፤ የሲሊንደሩን ግድግዳ እያጠበ ወርዶ የሞተሩን ዘይት ያቀጥነዋል። ዘይት መለኪያውን መዝዛችሁ ስታሸቱት ቤንዚን ቤንዚን ካለ ነገሩ ቆይቷል ማለት ነው።

ሊን የሆነ ሞተር ሌላ ጠባይ አለው። ጭስ አያሳይም። ጠዋት ለመነሳት ያስቸግራል፣ ነዳጅ ስትሰጡት ለአፍታ ይደነዝዝና ነው የሚነሳው፣ አንዳንዴም ወደ አየር ማጣሪያው በኩል «ጧ» ብሎ ይተኩሳል። ጭነት ላይ ሆኖ ከቀጠለ ይግላል፤ ቫልቮላና ፒስተን የሚያቃጥለውም ይኼ ነው። ጭስ ስለሌለው ብዙ ሰው ዝም ይለዋል።

ስለ ጭስ ካነሳን፣ ጠዋት ከማርሚታ የሚወጣው ነጭ እንፋሎት አያስደንግጣችሁ። ቤንዚን ሲነድ ውሃ ይፈጠራል፣ በጎንደር ብርድ ደግሞ ይታያል። ሞተሩ ሲሞቅ ካልጠፋ ነው የራዲያተር ውሃ ወደ ውስጥ እየገባ እንደሆነ የሚጠረጠረው። ሰማያዊ ጭስ የዘይት ነው። ከድብልቁ ጋር የሚያያዘው ጥቁሩ ብቻ ነው።

«ነዳጅ ትበላለች» የሚለው ቅሬታ ግን ብቻውን ምንም አይነግረኝም። የፍሬን ሸራው ሳይለቅ የሚታሽም፣ ጎማው ነፋስ ያነሰውም፣ ቀኑን ሙሉ በኮብልስቶን በአንደኛ ማርሽ የሚወጣና የሚወርድም ነዳጅ ትበላለች ይላል።

አሁን የመተማን መንገድ አስቡት። መተማ ዮሐንስ ከባሕር ወለል 700 ሜትር ገደማ ላይ ነች፤ ከእኛ በ1,400 ሜትር ያህል ዝቅ ትላለች። ከዚያ ወደ ጎንደር ስትወጡ የአየሩ ክብደት ከአሥር በመቶ በላይ ይቀንሳል። ካርቡሬተር፣ ያ የድሮው የቤንዚንና የአየር ማደባለቂያ፣ ይህን የሚያውቅበት መንገድ የለውም። በጠባብ ጉሮሮው የሚያልፈው አየር ቤንዚኑን እየሳበ ይወስዳል፤ አየሩ ሲሳሳ የሚሳበው ቤንዚንም ይቀንሳል፣ ግን የአየሩን ግማሽ ያህል ብቻ። ስለዚህ ቆላ ላይ በደንብ የተስተካከለ ካርቡሬተር ደጋ ሲወጣ ሪች ይሆናል፤ ያጨሳል፣ ጉልበት ያጣል። እዚህ የተስተካከለው ደግሞ ቆላ ሲወርድ ሊን ይሆናል፣ ያውም በዚያ ሙቀት። ከደባርቅ ጣሊያኖች በ1930ዎቹ የሠሩትን የሊማሊሞን ጠመዝማዛ የሚወርድ አሮጌ መኪና ላይም ያው ነው። የድሮ ሾፌሮች የብሎን መፍቻቸውን ከኪሳቸው የማይለዩት ለዚህ ነበር።

ዛሬ ይህ ጉዳይ በዋናነት የባጃጅ ነጂዎቻችን ነው። ካርቡሬተር ያላቸው ባጃጆች ላይ አንድ ትንሽ የድብልቅ ብሎን አለች፣ እና «ቤንዚን ይቆጥባል» እየተባለ ትጠመዘዛለች። ይቆጥብ ይሆናል፤ ግን በነፋስ የሚቀዘቅዝ ባለ አንድ ሲሊንደር ሞተር ሦስት ሰው ጭኖ የፒያሳን ዳገት በሊን ድብልቅ ሲወጣ የሚከፍለው በቫልቮላ ነው። እኔ ብሎኗን የምነካው ሞተሩ በደንብ ከሞቀ በኋላ ነው፤ በቀስታ እያዞርኩ ሚኒሞው ከፍ ብሎ የተረጋጋበትን ቦታ በጆሮዬ እፈልጋለሁ፣ ከዚያ በጥቂቱ ወደ ቤንዚኑ መልሼ እተዋታለሁ። ያቺ ብሎን የምታስተካክለው ሚኒሞውንና ለሚኒሞው ቅርብ የሆነውን ብቻ ነው። ባጃጁ ሙሉ ነዳጅ ላይ የሚያጨስ ከሆነ በእሷ መጠምዘዝ አይድንም፤ የአየር ማጣሪያውን፣ የካርቡሬተሩን ተንሳፋፊና የቤንዚን ቀዳዳዎቹን ነው ማየት።

ኢንጀክተር ያላቸው መኪኖች ከፍታውን ራሳቸው ያውቁታል። ኮምፒውተሩ የአየሩን መጠን በሴንሰር ይለካል፣ ቤንዚኑን ያሰላል፣ ይረጫል፤ ከዚያ ኦክስጅን ሴንሰሩ ከተቃጠለው ጋዝ ውስጥ ምን ያህል ኦክስጅን እንደተረፈ ይነግረዋል። ወጥ የምትሠራ ሴት መጀመሪያ በልምዷ መጥና ጨው ትጨምራለች፣ ከዚያ ቀምሳ ታስተካክላለች። ደጋግሞ ካነሳትም «ይህ ድስት ጨው ይወዳል» ብላ ከመነሻው መጨመር ትለምዳለች። በመኪናው ኮምፒውተር ያ የአሁን ቅምሻ «ሾርት ተርም ፊዩል ትሪም»፣ የለመደው ደግሞ «ሎንግ ተርም ፊዩል ትሪም» ይባላል። ሁለቱም በመቶኛ ይነበባሉ። ፕላስ 10 ማለት ኮምፒውተሩ ካሰበው በላይ 10 በመቶ ቤንዚን እየጨመረ ነው፤ ማይነስ 10 ማለት እየቀነሰ ነው። ሁለቱን ደምሬ እስከ 10 ድረስ በፕላስም በማይነስም አልጨነቅም። ብዙ መኪኖች ላይ መብራቱ የሚበራው ከ20 አልፎ ወደ 25 ሲጠጋ ነው። አየር የበዛበት ከሆነ ፒ0171፣ ቤንዚን የበዛበት ከሆነ ፒ0172 ይጻፋል።

እንግዲህ ስካነር (የመኪናውን ኮምፒውተር ማንበቢያ) ላይ ኮዱን አንብቦ የሚያቆም ሰው ከመጽሐፉ ሽፋኑን ብቻ ነው ያነበበው። የኔ ጥያቄ ሁልጊዜ «መቼ ነው የሚብሰው?» ነው።

የጋሼን ኮሮላ ሞተሯ እስኪሞቅ ጠበቅኩና ሚኒሞ ላይ ቁጥሮቹን አየሁ፦ ሁለቱ ተደምረው ፕላስ 24። ረዳቴ ነዳጅ መስጫውን ረግጦ በደቂቃ 2,500 ዙር ላይ እንዲይዝ አደረግኩ። ቁጥሩ እያየነው ወረደና ፕላስ 5 ላይ ቆመ። ጋሼ አጠገቤ ቆመው «ምነው፣ ዳነች እንዴ?» አሉ። አልዳነችም፤ ግን ሌባው የገባበትን በር ነግራናለች።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። ሚኒሞ ላይ ሞተሩ የሚስበው አየር ጥቂት ነው፣ በማኒፎልዱ (አየሩን ለሲሊንደሮቹ በሚያከፋፍለው ቱቦ) ውስጥ ያለው ቫኪዩም፣ ማለትም የመሳብ ኃይሉ፣ ደግሞ ብርቱ ነው። በዚያ ጊዜ የሆነ ቱቦ ላይ ስንጥቅ ካለ፣ የአየር መለኪያው ሴንሰር ሳያየው ሾልኮ የሚገባው አየር ከጠቅላላው ትልቅ ድርሻ ይይዛል። ዙሩ ሲጨምር በዋናው በር የሚገባው አየር ብዙ ስለሚሆን የስንጥቁ አየር ከቁጥር አይገባም። ስለዚህ ሚኒሞ ላይ ከፍ ብሎ በዙር የሚወርድ ፕላስ የቫኪዩም ሌብነት ነው። የዚህ ተቃራኒ ከሆነ፣ ሚኒሞ ላይ ደህና ሆኖ ከአዘዞ ወደ ፒያሳ ዳገቱን ስትወጡ ፕላሱ የሚያድግ ከሆነ፣ ቤንዚኑ እየደረሰ አይደለም፦ የደከመ ፖምፓ፣ የተደፈነ ፊልትሮ፣ የቆሸሸ ኢንጀክተር። የአየር መለኪያው ሴንሰር በአቧራ ሲሸፈንም አየሩን አሳንሶ ስለሚያወራ ተመሳሳይ ነገር ያሳያል። የኛ የበጋ አቧራ ለእሱ ምቹ ነው፣ በተለይ ማጣሪያውን በኮምፕሬሰር ደጋግመው እያስነፉ ወረቀቱን ለሚቀድዱት። ሴንሰሩ ለእሱ በተሠራ ስፕሬይ ይጸዳል። በጨርቅ ወይም በጣት የነካው ሰው ሽቦውን በጥሶ አዲስ ይገዛል።

እዚህ ላይ አንድ ማሳሰቢያ አለ። አንዳንድ መኪኖች የሚገባውን አየር አይመዝኑም፤ በማኒፎልዱ ውስጥ ያለውን ግፊት ለክተው ነው የሚያሰሉት። እነሱ ላይ ቱቦ ሲሰነጠቅ ኮምፒውተሩ ግፊቱ መጨመሩን አይቶ ቤንዚኑንም ይጨምራል። ውጤቱ ከፍ ብሎ አልወርድም የሚል ሚኒሞ ነው፣ የሊን ኮድ ላይኖርም ይችላል። የያዛችሁት መኪና የትኛው እንደሆነ ሳታውቁ ከቁጥሩ ጋር አትከራከሩ።

ወደ ኮሮላዋ ልመለስ። በመርጫ ጠርሙስ ንጹሕ ውሃ ይዤ በማኒፎልዱ ዙሪያ ያሉትን ቱቦዎች አንድ በአንድ ረጨሁ። በቤንዚን የሚረጩ አሉ፤ የጋለ ማኒፎልድ ላይ ቤንዚን መርጨት እሳት መጥራት ነው፣ ተዉት። ከቫልቮላ ክዳኑ ወደ ማኒፎልዱ የምትሄደው የሞተሩ ትንፋሽ ቱቦ ዘንድ ስደርስ ሞተሩ ለቅጽበት ድምፁ ተለወጠ፣ ተረጋጋም፤ ውሃው ስንጥቁን ደፍኖት ነው። ቱቦዋን ነቅዬ ገለበጥኳት። ከላይ ሲያዩዋት ደህና ናት፤ ክርኗ ላይ በሆዷ በኩል ግን የጣት ጥፍር የሚያስገባ ስንጥቅ አለ፣ ጎማው በሙቀት ብዛት እንደ ደረቀ ቆዳ ተሰነጣጥቋል። ጋሼ ተቀብለውኝ ወደ ብርሃን አድርገው አዩዋትና ለረጅም ጊዜ ምንም አልተናገሩም። ሁለት ሴንሰር ያስገዛቻቸው ይቺ የመዳፍ ርዝመት የማትሞላ ጎማ ናት።

ኦክስጅን ሴንሰር ፈጽሞ አይበላሽም ማለቴ አይደለም። ያረጃል፣ ይዘገያል፣ በጥላሸትና በዘይት ይሸፈናል። የድሮው ዓይነት በደንብ ሲሠራ፣ ከ300 ዲግሪ በላይ ከጋለ በኋላ፣ ከ0.1 እስከ 0.9 ቮልት መካከል ያለማቋረጥ ይወጣል ይወርዳል፤ ከፍ ሲል ሪች፣ ዝቅ ሲል ሊን። አንድ ቦታ ላይ ደርቆ ከቆመ ትጠረጥሩታላችሁ። አዳዲሶቹ መኪኖች ላይ ያለው ሌላ ዓይነት ስለሆነ በዚህ ቮልት አትፍረዱበት። የሴንሰሩን ጤና ለማየት የማደርገው ቀላል ነው፦ ሆን ብዬ አንዲት ትንሽ የቫኪዩም ቱቦ ስነቅል ወዲያው «ሊን!» ብሎ ከተናገረ ሴንሰሩ ነቅቷል።

ደግሞ ሴንሰሩ እውነት እየተናገረ እኛ በስህተት የምንተረጉምበት ጊዜ አለ። አንድ ካንዴላ ሳይተኩስ ሲቀር በዚያ ሲሊንደር የገባው ቤንዚንም አየሩም ሳይነድ ይወጣል። ሴንሰሩ ቤንዚን አያሸትም፤ የሚያውቀው ኦክስጅንን ብቻ ነው። ያልነደደውን ኦክስጅን አይቶ «ሊን ነው» ይላል፣ ኮምፒውተሩም ቤንዚን ይጨምራል፣ መኪናዋም ቤንዚን ቤንዚን እየሸተተች ሊን የሚል ኮድ ታወጣለች። ይህን የሚገጣጠም የማይመስል ነገር ካያችሁ መጀመሪያ የእሳቱን መስመር፣ ካንዴላንና ኮይልን ፈትሹ። ከሴንሰሩ በፊት ያለ የጭስ ማውጫ ጓርኒሲዮን (ማሸጊያ) ሲቀደድም የውጭ አየር እየሳበ ያንኑ ውሸት ያናግረዋል። ያኔ ጠዋት ስትነሳ «ጢክ ጢክ» የምትል ድምፅ ትሰማላችሁ።

ካንዴላ ከተነሳ፣ መፍታት አትስነፉ። ቡናማ ወይም ግራጫ ቢጤ ከሆነ ደህና ነው። ደረቅ ጥላሸት የለበሰ ሪች ነው። እርጥብና ቅባታማ ጥቁር የዘይት፣ ማለትም የፋሻ (የፒስተን ቀለበት) ወይም የቫልቮላ ጎማ ችግር ነው፣ ከድብልቁ ጋር አታምታቱት። ነጭ ሆኖ ጫፉ የተቃጠለ ሊን ወይም ከልክ ያለፈ ሙቀት ያየ ነው። አራቱን በተራቸው ደርድራችሁ እዩ፤ አንዱ ብቻ ከተለየ ችግሩ የዚያ ሲሊንደር ነው፣ አራቱም አንድ ዓይነት ከሆኑ የሁሉም የጋራ የሆነ ነገር ነው።

በሪች በኩል በዚህ ከተማ በብዛት የማየው ምክንያት የሰው እጅ ነው፦ የወጣ ቴርሞስታት፣ ማለትም ሞተሩ እስኪሞቅ ውሃው ወደ ራዲያተሩ እንዳይሄድ የሚያግደው በር። መኪናው አንድ ቀን ይሞቃል፣ ባለሙያው «ይሄ ለኛ አገር አይሆንም» ብሎ ነቅሎ ይጥለዋል። ከዚያ በኋላ በጎንደር አየር ሞተሩ ሙቀቱን አያገኝም፤ ከፒያሳ ወደ አዘዞ ቁልቁል ስትወርዱ ጭራሽ ይቀዘቅዛል። ኮምፒውተሩ ሞተሩ ገና እየሞቀ ነው ብሎ ቤንዚን መጨመሩን አያቆምም። ሙሉ ሙቀት ላይ 90 ዲግሪ አካባቢ መሆን የነበረበት ስካነር ላይ 60 እና 65 ሆኖ ታገኙታላችሁ፣ አንዳንዴም ሞተሩ ልኩን ሙቀት አላገኘም የሚለው ፒ0128 ይጻፋል። የሙቀት ሴንሰሩ ራሱ ተበላሽቶ ሁልጊዜ «ቀዝቃዛ ነው» ሲልም ውጤቱ ያው ነው፤ የሚለየው ጠዋት ሞተሩ ሳይነሳ የሚያሳየው ቁጥር ከውጭው አየር ሙቀት ጋር መግጠም አለመግጠሙ ነው። ቴርሞስታቱ ይመለስ። መጀመሪያ የሞቀበት ምክንያት ደግሞ ራዲያተሩ ውስጥ ወይም ፋኑ ላይ ይፈለግ።

ሌሎቹ የሪች ምክንያቶች የሚያንጠባጥብ ኢንጀክተር፣ ግፊቱ ከልክ ያለፈ የቤንዚን መስመርና የታፈነ የአየር ማጣሪያ ናቸው። የታፈነ ማጣሪያ በዋናነት ካርቡሬተርን ነው ሪች የሚያደርገው፤ ኢንጀክተር ያለው ጉልበት ያጣል እንጂ ድብልቁ ብዙም አይዛባበትም።

የጀሪካኑ ቤንዚንም አለ። ማደያው ሰልፍ ሲረዝም ወይም ሲደርቅ ከመንገድ ዳር በሃይላንድ የገዛ ሰው በማግስቱ «መኪናዬ ትቆራረጣለች» ብሎ ይመጣል። እንዲህ ያለ ነገር የገጠመው ሰው ሌላ ምንም ሳይፈታ ቤንዚኑን ይይ፦ ከታንከሩ ጥቂት በንጹሕ ሃይላንድ ቀድቶ ከእሳት ርቆ ለአንድ ሰዓት ያስቀምጠው። ውሃ ካለው ከታች ተለይቶ ይተኛል። ጠብታውን ነጭ ወረቀት ላይ ያድርግ፤ ቤንዚን ተንኖ ይጠፋል፣ ነጭ ጋዝ ከተቀላቀለበት ግን ቅባታማ ክብ ትቶ ለብዙ ሰዓት ይቆያል። በዚህ ምክንያት ፖምፓ የቀየሩ አውቃለሁ።

ጋሼ ቱቦዋን ቀየርንላቸው፣ ኮምፒውተሩ የለመደውን ቁጥር አጠፋንለት። ካልጠፋ ኮምፒውተሩ ያንን የድሮ ፕላስ 24 ለተወሰነ ጊዜ ተሸክሞ ስለሚቆይ መኪናዋ በተቃራኒው ሪች ሆና ትሰነብታለች። «አሁኑኑ ቁጥሩን ልይ» አሉኝ፤ እንዲማር ጥቂት ቀን ይንዱት አልኳቸው። በሳምንቱ ለዘመድ ለቅሶ መተማ ወርደው ተመልሰው በዚያው ገቡ። ስካነሩን ሰካሁት፦ ሚኒሞ ላይ ፕላስ 3፣ 2,500 ላይ ፕላስ 2። ፌስታሏን ከመቀመጫው ስር አወጡና «እነዚህን የሚገዛ ታውቃለህ?» አሉኝ። ከሁለቱ አንዱ፣ መኪናዋ ከፋብሪካ ይዛው የመጣችው፣ ሞክሬው ደህና ነበር።